ሦስት ጊዜ በገመድ

የሻሽወርቅ ፈሪ ናት። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሷም አትክደውም። ኤስካሌተር ትፈራለች፣ ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከመጣ ሳትከፍተው ሁለት ቀን ታሳድረዋለች። ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ አብራት የምትኖረው የኔነሽ፣ «አንቺ እኮ ጥላሽንም ኤክስኪዩዝ ሚ ትዪዋለሽ» እያለች ትስቅባታለች።

ነገር ግን ሰው ያለ ነገር አይፈራም። ልጇ ጽዮን ካርቱም አክስቷ ዘንድ ቀርታለች። ልጅቷን ለማምጣት የስፖንሰር ማመልከቻው ገብቷል፤ ጉዳዩ የሚያልቀው ግን እናቲቱ ሥራ ላይ ስትቆይ ብቻ ነው። ሥራው ከተቋረጠ ሁሉም ነገር ይቋረጣል። የቀረውን ለቅዱስ ገብርኤል ሰጥታዋለች፤ ጽዮንን በሰላም ካመጣላት ጃንጥላ ልታገባለት ተስላለች።

የምትሠራው ከከተማው በስተምዕራብ በሚገኝ፣ ከአውሮፓ የተሰደዱ ስሎቬኖች የሚኖሩበት የአረጋውያን ቤት ነው፤ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ትመግባለች። እዚያም የምትፈራው አላጣችም። የምግብ አዳራሹን አንድ ግድግዳ ሙሉ የሸፈነ ሥዕል አለ። ሦስት ራስ ያለው ተራራ፣ ትሪግላቭ የሚሉት። ከአናቱ ላይ ከብረት የተሠራች ትንሽ ማማ ቆማለች፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ ደግሞ ቀንዶቹ ወርቅ የሆኑ ነጭ የዱር ፍየል ቁልቁል ያያል። በየትም በኩል ብትዞር ዓይኑ ይከተላታል።

ተረቱን የነገሯት አቶ ሎይዜ ናቸው። ፍየሉ የተራራው ሀብት ጠባቂ ነው። አንድ አዳኝ ወርቁን ተመኝቶ ተኮሰበት። ደሙ ከነጠበበት ቀይ አበባ በቀለ፤ ፍየሉ አበባውን በልቶ ዳነና በቀንዶቹ ብርሃን የአዳኙን ዓይን አጥፍቶ ከገደል ሰደደው። የሻሽወርቅ ይህን ከሰማች ወዲያ ጠረጴዛ የምትወለውለው በጎኗ እየሄደች ነው፤ ፊት መስጠቱንም ጀርባ መስጠቱንም አልወደደችውም።

አቶ ሎይዜ ረጅም፣ ዕድሜያቸውን በኮንስትራክሽን የፈጁ፣ ባርኔጣቸው ላይ ላባ የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው። በስሎቬኖቹ መካከል ያላቸው ክብር ሌላ ነው፤ የገመዱ ባለቤት እሳቸው ናቸው። ስሎቬን የሆነ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ያን ተራራ መውጣት አለበት ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ሰው አናቱ ላይ ጎንበስ ይልና ቀድሞት የወጣ ሰው ቂጡን በገመድ ይለዋል፤ ለእነሱ እንደ ጥምቀት ነው። አገር ቤት ደርሶ፣ ተራራውን ወጥቶ ወደ ቶሮንቶ የተመለሰ ሁሉ ደግሞ በስሎቬኖቹ ማኅበር የበጋ ሽርሽር ላይ ከአቶ ሎይዜ እጅ እንደገና ይቀምሳል። ደንቡ አጭር ነው፤ ገመድ ያልቀመሰ ገመድ አይጨብጥም።

በፈረንጆቹ 1991 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የአገራቸው ነፃነት ታወጀ። አዲሱ ባንዲራ ሲሰቀል ሁሉም በቴሌቪዥን አዩ፤ ባንዲራው ላይ ያ ሦስት ራስ ያለው ተራራ አለ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ፣ እማማ ሚንካ የምትባለው ትንሽዬ አሮጊት ዎከሯን ተደግፋ ዘፈነች። ወዲያው ደግሞ ነፃነቱን ሊያፈርስ ወደ አገራቸው ታንክ ገባ፤ አዳራሹ ፍርሃት በፍርሃት ሆነ። የሻሽወርቅ ይህን ታውቀዋለች። የራሷ አገር መንግሥት የወደቀው በግንቦት ነው፤ ያን ሰሞን እሷም እንዲህ እየፈራች ስልክ ላይ ተሰክታ ነበር።

አቶ ሎይዜ ግን ምግብ ተዉ። ጦርነቱ ነው ብላ አሰበች። አንድ ጠዋት ካልሲ ስታለብሳቸው ወደ በሩ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አልወጣሁትም» አሉ።

«ምኑን አባባ?»

«ተራራውን።»

ጎረምሳ ሳሉ ከአገራቸው የተሰደዱት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀበት ዓመት ነው። ተራራውን ከሩቅ፣ በደመና ተሸፍኖ ነው ያዩት። ኦስትሪያ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሕፃናት ከበቧቸውና፣ «ወጥተኸዋል?» አሏቸው። አገራቸውን ያጡ ሕፃናት ናቸው፤ አሳዘኗቸውና «አዎ» አሉ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ያቺ አንዲት አዎ ካናዳ ድረስ ተከትላቸው መጣች፣ ባርኔጣ አስደፋቻቸው፣ ገመድ አስጨበጠቻቸው።

«ልቤ ደክሟል። ስሞት ሬሳ ሳጥኔን ያን ባንዲራ ያለብሱልኛል» አሉ። «ውሸታም ሆኜ ከሥሩ መተኛት ፈራሁ። ተራራው ቢቀር ደረጃውን ልውጣና አንቺ በገመዱ ምቺኝ።»

«እኔ? እጄን ይቁረጠው!»

«የአገሬን ሰው ብጠይቅ ነገ ከተማው ሁሉ ያውቃል። አንቺ አትናገሪም።»

በእሷ አገር በአባት ላይ እጅ ማንሳት እርግማን ነው። ነገር ግን ጠበል ቦታ ካህኑ የታመመውን በመቁጠሪያ ሲመታ አይታለች፤ ምት ሁሉ ክፋት እንዳልሆነ ታውቃለች። የሽማግሌው ዓይን ደግሞ የልጅ ዓይን ሆኖ ነበር። «ገብርኤል ምስክሬ ነው፣ ከአፌ አይወጣም» አለች። ከዚያ በኋላ ነው በማን እንደማለች ልብ ያለችው።

እሑድ ሌሎቹ ታች ቅዳሴ ላይ ሳሉ በጓሮ ደረጃ ወጡ። ፎቁ ሦስት ብቻ ነው፤ ለአቶ ሎይዜ ግን ተራራ ሆነባቸው። በየመታጠፊያው ቆመው ያለከልካሉ፤ እሷ ከኋላ ደግፋቸው፣ ቢወድቁ ምን እሆናለሁ እያለች ከሳቸው ብሳ ታልባለች። ከላይ የጣሪያው በር ዘንድ ሲደርሱ በትንሿ መስኮት ከሩቅ ወደሚታየው ሐይቅ አዩ። ከዚያ ገመዱን ሰጧት፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ የደረጃውን ብረት ይዘው ጎንበስ አሉ።

የመጀመሪያው ዝንብ እንደማባረር ነበር። «ተራራ ነው የወጣሁት» ብለው ተቆጡ። ሁለተኛው ተሻለ። ሦስተኛውን ዓይኗን ጨፍና አሳረፈችው። የደረጃው በር የተከፈተው ያኔ ነው፤ ሱፐርቫይዘሯ ካሮል ቆማለች። የሚያየውን ላላወቀ ሰው፣ አንዲት ሠራተኛ አንድ የሰባ ዓመት ሽማግሌ በገመድ እየገረፈች ነው።

አቶ ሎይዜ አፋቸውን ከፈቱ። የሻሽወርቅ ጠበቀች። አፋቸውን መልሰው ዘጉት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ነገሩ እስኪጣራ ብለው ወደ ቤቷ ሰደዷት። ስትሪትካር በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ ሄደች።

«ሳስፔንድ አደረጉሽ? ታዲያ ኤክስፕሌን አድርጊላቸዋ!» አለች የኔነሽ።

«ምያለሁ።»

«በማን?»

«በገብርኤል።»

የኔነሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ለጽዮን የተሳልሽለት ገብርኤል?»

«ሌላ ገብርኤል አለ እንዴ?»

ብትናገር ልጇን የሚጠብቅላትን መልአክ ማስቀየም ነው፤ ዝም ብትል ሥራው ይሄዳል፣ ከሥራው ጋር ጽዮን ትቀራለች። በሁለቱም በኩል ገደል ነው። የኔነሽ፣ «ንስሐ አባትሽ ይፍቱሽ፣ መሐላ ይፈታል» አለቻት። ሄዳም ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተመለሰች። መልአኩ ይቅር ቢላትም ሽማግሌው ስማቸው እንደሚሞት አሰበች። አንዳንዴ ደግሞ፣ ለምን እሳቸው አይናገሩልኝም ብላ ትናደድና ወዲያው ንዴቷን ትፈራዋለች።

ሐሙስ ቀን ቢሮ ጠሯት። ካሮል ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፊቷ ግን ተዘግቷል።

«መተሻቸዋል?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«መናገር አልችልም።»

«እንግዲያው ላሰናብትሽ ነው። ለፖሊስም ማሳወቅ አለብኝ።»

ፖሊስ የሚለውን ስትሰማ ገብርኤልን መጥራት ፈልጋ ስሙ ጠፋባት። ያን ጊዜ ከምግብ አዳራሹ ብርጭቆ በማንኪያ ሲመታ ተሰማ፤ ደጋግሞ። ካሮል ተነሣች፤ የሻሽወርቅም ተከተለቻት።

አቶ ሎይዜ ከሥዕሉ ሥር ቆመዋል፣ ገመዱን ይዘው። በቋንቋቸው ተናገሩ። የሻሽወርቅ አንድ ቃል አልገባትም፤ የሾርባ ማንኪያዎቹ አንድ በአንድ ሲቆሙ ግን ምን እንዳሉ አወቀች። ከዚያ ወደ ካሮል ዞረው በእንግሊዝኛ ደገሙት።

«ተራራውን ወጥቼው አላውቅም። ይህችን ሴት ለምኛት ነው የመታችኝ። ምላልኝ ዝም አለች። እኔ ዝም ያልሁት ፈርቼ ነው።»

እማማ ሚንካ ዎከሯን እየገፋች፣ እያንዳንዷ እርምጃ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየተሰማች መጣች።

«አውቅ ነበር» አለቻቸው፤ ለሁሉም እንዲሰማ እሷም በእንግሊዝኛ። «እኔ ልጃገረድ ሆኜ ወጥቼዋለሁ። የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ጥማቱና ስለ እግሩ ነው። አንተ ሁልጊዜ የምታወራው ስለ መልኩ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንዳትሰበር ፈርቼ። በል ጎንበስ በል።»

ሦስት ጊዜ መታቻቸው፤ ለዚያች አሮጊት ክንድ ጠንካራ ነበር። በሦስተኛው አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ ማንኪያዎቹም ተመለሱ። አቶ ሎይዜ ቀና አላሉም። ጠረጴዛ ይዘው፣ እንዳጎነበሱ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ አለቀሱ።

ካሮል ኮሪደር ላይ ቆማ የሻሽወርቅን ለረጅም ጊዜ አየቻት። «ሥራሽን ልታጪ ነበር እኮ» አለቻት። የሻሽወርቅ አንገቷን ደፋች። «ሁለተኛ በገመድ የሚመታ ሰው እንዳላይ። ነገ በሰዓትሽ ግቢ።»

አቶ ሎይዜ በመኸር አረፉ። ሳጥናቸው ላይ ባንዲራውን ሲያለብሱት እሷም ቆማ ነበር።

ጽዮን የገባችው በክረምቱ አጋማሽ ነው። ከኤርፖርት ጀምሮ ልጅቷ እናቷን እንደ እንግዳ ነው ያየቻት። አይርብሽም? አይርበኝም። አይበርድሽም? አይበርደኝም። ከጨለማ በቀር ምንም አትፈራም ብላ አክስቷ በስልክ ተናግራ ነበር፤ አሁን ጨለማውንም አልፈራም ትላለች። የሻሽወርቅ የልጇን ዝምታ ከምንም በላይ ፈራችው።

ልጅቷን የሚይዝላት ሰው ባጣችበት አንድ ቅዳሜ ይዛት ወደ ሥራ ሄደች። ልጅቷ ከሥዕሉ ፊት ቆማ ቀረች። ዞር ስትል ዓይኗ በርቶ ነበር፤ ከመጣች እንዲህ ሆና እናቷን አይታት አታውቅም።

«እማዬ፣ ይሄን ተራራ ወጥተሽዋል?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«አልወጣሁም» አለች የሻሽወርቅ። «እናትሽ ፈሪ ናት። ከሥር ሆኜ ነው የማየው፤ ያንን ፍየል ደግሞ እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ።»

ጽዮን ፍየሉን አየች፣ እናቷን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ተጠጋችና ቀሚሷን ጨበጠች።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች። «ከመጣሁ ጀምሮ።»