የጋራ ቁልፍ

ልብስ ሰፊዋን በሰፈራችን በስሟ የሚጠራት የለም። «መርፌ» ነው የምንላት፤ ግማሹ ለሥራዋ፣ ግማሹ ለአፏ። ባሏ ከሞተ ወዲህ በአንዲት አሮጌ የስፌት መኪና ብቸኛ ልጇን አሳድጋ ዳረች። ልጅቷ አሁን ሩቅ ከተማ ነው የምትኖረው።

የእኛ መንደር ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ሞባይል አይሠራም። ስለዚህ የመገናኛ ማዕከሉ ሲሠራ ከመርፌ በላይ የተደሰተ ሰው አላየሁም። ጣሪያው ላይ የፀሐይ መብራትና ትልቅ ሳህን ተተከለ፤ ውስጥ ስልክ፣ ኮምፒውተሮችና ማተሚያ ገቡ። በሩ ላይ «የጋራ መገናኛ ማዕከል» ተብሎ ተጻፈ። መርፌ መጋረጃውን በነፃ ሰፋች። አቧራ እንዳይነካቸው ብላ ለማሽኖቹ ሁሉ በልካቸው የአበባ ጨርቅ ልብስ ሰፋችላቸው። በምረቃው ቀን ባለሥልጣናቱ ሪባን ይዘው መጥተው መቀስ ረስተው ስለነበር በእሷ መቀስ ቆረጡት። «በኔ መቀስ ነው የተከፈተው» እያለች ስንት ጊዜ ተኮፈሰችብን።

እንግዶቹ ሄዱ፤ በሩ ተቆለፈ። ቁልፉን የያዘው የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ ጡረታ የወጣ የመጋዘን ኃላፊ። ዕድሜውን ሙሉ የተመሰገነው ከመጋዘኑ አንድ ዕቃ ስላልጠፋ ነው። «ጋሼ ቁልፍ» አልነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገብቶ ማሽኖቹን ይወለውልና መልሶ አልብሷቸው ይቆልፋል። ልደውል ላለው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ «የጋራ ነው፤ ለግል ጉዳይ አይከፈትም።»

አናጢያችን የወንድሙን ሞት የሰማው ከተቀበረ በኋላ፣ ከጭነት መኪና ሹፌር አፍ ነው። ያን ጊዜ ስልኩ የአበባ ልብሱን ለብሶ ተቀምጧል። ሊያጽናኑት የመጡት «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉት። እኔ ግን እግዚአብሔር የፈቀደልን ስልኩን ነው እላለሁ። መቆለፉ የሰው ሥራ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ያው ሹፌር መርፌ ቤት ደጃፍ ቆመ። ከአማቿ፣ ከልጅቷ ባል፣ መልእክት ይዞ ነው። ልጅሽ ሆስፒታል ገብታለች፣ ፅንሱ ተጋድሞባታል፣ ነገ በኦፕራሲዮን ልትወልድ ነው አላት። መርፌ የያዘችው ጨርቅ ከእጇ ወደቀ።

ልጅቷ ሕፃን ሳለች ፔኒሲሊን ተወግታ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሿ ቆሞ፣ በፈጣሪ ቸርነት ነው የተረፈችው። ከዚያ ወዲህ እናቷ «መርፌ አይስማማሽም» ስትላት፣ ልጅቷ «አንቺስ መቼ ተስማማሽኝ» እያለች ትስቅ ነበር። እኛም አብረን እንስቅ ነበር። ነገሩ በቀልድ አለፈና የመድኃኒቱን ስም ልጅቷም ባሏም አያውቁትም።

ወደ ከተማ የሚመለስ መኪና የሚገኘው ነገ ነው። መርፌ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታስተካክል ጋሼ ቁልፍ ቤት ገባች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ። የሚወጓትን መድኃኒት ካልነገርኳቸው ልጄን ይገድሉብኛል።»

«እግዚአብሔር ይማርልሽ። ግን እኮ የጋራ ነው እህቴ። ዛሬ ላንቺ ብከፍት ነገ ለሁሉም ልከፍት ነው።»

«ለሁሉም አይደል እንዴ የተሠራው?»

«ለሁሉም ነው፤ ለእያንዳንዱ አይደለም።»

መርፌ አላለቀሰችም። አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ቁልፍ አየች፤ ከዚያ የገዛ ቀሚሷን ቁልፍ በጣቷ ነካች።

«የኔ ቁልፍ ይከፍታልም ይዘጋልም» አለችው። «የእርስዎ መዝጋት ብቻ ነው የሚያውቀው።»

በቀጥታ የሄደችው ሰው ወደማይጠፋበት ወደ ወፍጮ ቤት ነው። ነገሩን ነገረቻቸውና «የግል ከሆነች አይከፍትም። እንግዲህ ልጄን የጋራ አድርጉልኝ» አለች። አንዱ ሳቀ። ግድግዳው ሥር ተቀምጦ የነበረው አናጢ ግን ተነስቶ ቀድሟት ወጣ።

ቀትር ሳይሆን የማዕከሉ ግቢ ሞላ። ጋሼ ቁልፍ እየተቻኮለ መጣ።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«ልጃችን ልትወልድ ነው፤ እንደውል ብለን» አለ አናጢው።

«የማን ልጅ?»

«የኔ።»

«የኔም» አለ ባለወፍጮው።

ወልዳ የማታውቅ አንዲት አሮጊት በትሯን ተደግፋ፣ «የኔም ናት። ዘግይቼ ወለድኩ፣ ምን ይገርምሃል?» አለችው።

«እንዲህ ከሆነ ስብሰባ ይጠራና...»

«ይኸው ተሰብስበናል።»

ዙሪያውን አየ። ከመጋዘን ዕቃ ሲወሰድ እንጂ መጋዘኑ ራሱ ተነስቶ ሲመጣበት አይቶ አያውቅም። ቁልፉን ከአንገቱ አወጣ።

አናጢው ማብሪያውን ተጫነ፤ አረንጓዴዋ መብራት በራች። መርፌ የአማቿን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። ሲያነሳ ሰላምታ አልሰጠችውም።

«ፔኒሲሊን እንዳይወጓት። ድገምልኝ። አይ፣ ጮክ ብለህ ድገምልኝ። አሁን ነርሷን ስጠኝ።»

የነርሷን ድምፅ ሁላችንም ሰማነው። «ሌላ መድኃኒት እንሰጣታለን እናቴ። እንኳን ደወሉ።»

«ተመስገን» አልን። በዚህ ትለዝባለች ብዬ ነበር። መርፌ ግን ስልኩን አስቀምጣ የማሽኖቹን ልብስ አንድ በአንድ እየገፈፈች ታጥፍ ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት ጋሼ ቁልፍ።

«አቧራ እንዳይነካቸው ነበር የሰፋሁላቸው፤ ሰው እንዳይነካቸው አይደለም።»

በማግስቱ ወንድ ልጅ መወለዱንና ሁለቱም ደህና መሆናቸውን የሰማነው በዚያው ስልክ ነው። ጨርቁ ለሕፃኑ ልብስ ሆኖ በጭነት መኪና ሄደ። መርፌ የስፌት መኪናዋን አምጥታ የማዕከሉ በር ላይ፣ በትክክል መሃል መድረኩ ላይ ተከለችው። ጋሼ ቁልፍ ሲመሽ ሊዘጋ ይመጣል፤ «ገና ነኝ» ትለዋለች፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። በቀን የፈለገ ሰው ጎንበስ ብሎ በአጠገቧ አልፎ ይደውላል። እግዚአብሔር ይመስገን።

አናጢው በየቀኑ በዚያ ያልፋል። እሷም «ግባና ደውል እንጂ ወንድሜ» ትለዋለች። ለመደወል ግን እስከ ዛሬ አልገባም። በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር የወንድሙ ብቻ ነበር።