ተቆጣጣሪውን ያስቆሙት አዲሱ ዘበኛ

እኔ ስፈራ እስቃለሁ። ይህ አመሌ ለቅሶ ቤት ውስጥ አሳፍሮኛል፣ ስብሰባ ላይ አስገሥጾኛል፤ እንደዚያ ሐሙስ ግን ጉድ ሊያፈላብኝ ደርሶ አያውቅም።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ወሩ ሰኔ። የዳባት ልጅ ነኝ፤ ደባርቅ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት የጠቅላላ አገልግሎት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ጠቅላላ አገልግሎት ማለት ሌላ ሰው የማይፈልገው ሥራ ሁሉ ማለት ነው። የማዳበሪያና የምርጥ ዘር መጋዘናችንን የሚጠብቁት ከአንድ የገበሬ ማኅበር በውል የመጡ ሦስት ዘበኞች ነበሩ። ማክሰኞ ጠዋት ማኅበሩ ሦስቱንም ለሥልጠና እፈልጋቸዋለሁ አለና ከነጠመንጃቸው ይዟቸው ሄደ፤ ውሉም በዚያው ፈረሰ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጎንደር የስልክ መልእክት መጣ። ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ መጋዘኑ ያለ ጥበቃ ከተገኘ ተጠያቂ ይኖራል። ኃላፊያችን መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ተጠያቂዋ ማን እንደሆነች ገባኝና ሳቅሁ።

"ምኑ ነው የሚያስቅሽ? ዛሬ ነገ ሳትዪ ዘበኛ ቅጠሪ!" አለኝ።

በማግስቱ ገበያ ወጣሁ። መጀመሪያ ያናገርኩት ጎረምሳ ዝናብ ሲጥል እንደማይጠብቅ አስቀድሞ አሳወቀኝ፤ በሰኔ! ሁለተኛው አራት በጎቹን መጋዘኑ ውስጥ ካላሳደረ እንደማይስማማ ነገረኝ። ተስፋ ቆርጬ ልመለስ ስል ገብስ ሸጠው በቅሏቸውን የሚጭኑ አንድ ሽማግሌ አየሁ። የጊች ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ጥርስ የሌላቸው፣ ድምፃቸው ግን ገበያውን የሚሞላ።

"አባባ፣ ዘበኝነት ያውቃሉ?"

"እኔን ነው? ኬላ ጠባቂ ነበርሁ እኮ ልጄ! ተአዲ አርቃይ ሽቅብ የሚመጣ መኪና እኔ ሳልፈቅድ ውልፍት አይልም ነበር።"

እዚያው ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም። መመሪያው ግን አዲስ ዘበኛ ተያዥ ያቅርብ ይላል፤ እሳቸው ደግሞ ከተማው ውስጥ የሚያውቁት ሰው የለም። ጊዜው እየነጎደ ነው። ቅጹ ላይ ተያዥ በሚለው ቦታ እኔው ፈረምኩ። እሳቸው ቢያጠፉ እጠየቃለሁ ማለት ነው፤ ስፈርምም ሳቅሁ።

ጠመንጃ የለንም። ያላቸው ዱላቸው ነው። ፊሽካ ብሰጣቸው "ፊሽካ ለምኔ? አፍ ሰጥቶኛል" ብለው መለሱልኝ። አስጠናኋቸው። ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያልያዘ ማንም አይገባም። የሚመጣውን ሰው "ጓድ" ይበሉ፤ "ጌቶች" የሚባል ነገር ቀርቷል። "ጓድ፣ ጓድ" እያሉ መጋዘኑን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ላንድሮቨሩ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ተቆጣጣሪው አጭር፣ ካኪ የለበሰ፣ ችኩል ሰው ነው። ቢሮ እንኳ ሳይገባ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ተፈተለከ። ኃላፊዬና እኔ ከኋላው ሮጥን።

"ይቁሙ ጌቶች!" አሉ ሽማግሌው ከበሩ ላይ።

ሰውየው ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም። ያን ጊዜ ቀኝ እጃቸውን አነሡና በዚያ በኬላ ድምፃቸው፦

"በንጉሥ አምላክ!"

በአገራችን እንዲህ ተብሎ የተጠራበት ሰው፣ ወንጀለኛም ቢሆን፣ ይቆም ነበር። ነገር ግን ንጉሡ ከወረዱ ዓመታት አልፈዋል! "በሕግ አምላክ" ቢሉ ማን ይነካቸው ነበር? በዚያ ዘመን በንጉሥ ስም መጥራት፣ ያውም የመንግሥት ተቆጣጣሪ ላይ፣ ወህኒ ያስወርዳል።

ተቆጣጣሪው ቆመ። አንድ እግሩ ጭቃ ውስጥ እንደተነከረ ቀጥ አለ። ኃላፊዬም ቆመ። እኔም ቆምኩ። የመኪናውን በር ሊዘጋ የነበረው ሹፌር እንኳ እጁ በሩ ላይ ቀረ። ማንም አላሰበበትም፤ እግራችን ነው የቆመው።

ከዚያ ሁላችንም መቆማችንን አወቅን።

"አለቀልን" አለ ኃላፊዬ በሹክሹክታ። የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ። ሳቁ ሆዴን ሊቀደው ነው።

"እኚህን ሰው ማን ነው የቀጠራቸው?" አለ ተቆጣጣሪው ሳይዞር።

"እኔ ነኝ፣ ጓድ" አልኩና ሳቄ አመለጠኝ። አንድ ቃል ቢጽፍ ሽማግሌው ይታሰራሉ፤ ቀጣሪያቸውም ተያዣቸውም ደግሞ እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ግን ምን ገዷቸው። "ደብዳቤ አለዎ?" አሉ። ሰውየው ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱን ገለበጡና ማኅተሙን በጣታቸው ዳበሱት።

"ደኅና ነው። ይለፉ... ጓድ!" አሉና፣ አየሽ አልረሳሁም በሚል ኩራት ወደ እኔ ተመለከቱ።

ተቆጣጣሪው መጋዘኑን አይቶ ሲወጣ መዝገቡን የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘርግቶ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ጭቃ የነካውን ጫማውን አየ።

"ጥበቃው አስተማማኝ ነው ብያለሁ" አለን ዝግ ብሎ። "በምን እንዳስቆሙኝ ብጽፍ ለምን እንደቆምኩም እጠየቃለሁ። ስለዚህ ዱላ አንሥተው አስቆሙኝ ብዬ ጽፌያለሁ።"

እፎይ ልል አፌን ስከፍት ሽማግሌው ከኋላዬ ጮኹ።

"ዱላ? እኔ ዱላ መች አነሣሁ! ያስቆምሁዎ እኮ በን..."

ዘልዬ አፋቸውን በእጄ ከደንኩ። አባቴ በሚሆኑ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ልጅ፣ የትልቅ ሰው አፍ በመዳፌ አፍኜ ቆምኩ፤ ከእጄ ሥር እየተቆጡ ሲያጉተመትሙ ይሰማኛል። ተቆጣጣሪው ፊቱን አዙሮ ትከሻው እየተነቃነቀ መኪናው ውስጥ ገባ። ላንድሮቨሩ ጉሙ ውስጥ እስኪጠፋ አልለቀቅኳቸውም። ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሽማግሌው ግን ሦስት ቀን አኮረፉኝ። አፋቸውን ስላፈንኩ መስሎኝ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኩ። እሱንስ የዚያኑ ለት ትተውልኛል፤ ያንገበገባቸው፣ በመንግሥት ወረቀት ላይ ያላነሡትን ዱላ አነሡ ተብሎ መጻፉ ነበር።