የሃምሳ ሁለት ቁጥር ከረጢት

የሥራ ባልደረቦቿ «ግራም» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በመጀመሪያው ቀን ነው። የሙዝ ልጣጭ ሚዛን ላይ አድርጋ ሚዛኑ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ግራም ሲል፣ አጠገቧ የቆሙት ሽማግሌ «ሁለት መቶ በይው፣ ልጣጭ እኮ ነው» ቢሏት «ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ነው አባባ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲያ እናቷ ያወጡላትን ስም የሚጠራ ጠፋ።

ሥራዋ ቆሻሻ መለየት ነው። ይህን ስትናገር አንገቷን አትደፋም፤ የጥናት ቆሻሻ ነውና። ከተማው ጥራጊውን ወንዝ ዳር እየቆለለ መላ ስላጣ፣ አንድ የምርምር ቡድን ከሰማንያ ቤቶች የሚወጣውን ስምንት ቀን ሙሉ መዝኖ፣ ስንቱ ማዳበሪያ፣ ስንቱ ማገዶ፣ ስንቱ ተመልሶ ዕቃ እንደሚሆን ለማወቅ መጣ። ጠዋት ጠዋት ቢጫ ከረጢቶች በጋሪ ይመጣሉ። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋሉ፣ በአሥራ አንድ ባልዲ ይለያሉ፣ ይመዘናሉ፣ ይጻፋሉ። ከረጢቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። የትኛው ቁጥር የማን ቤት እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር በአጥኚው መሳቢያ ተቆልፎበታል።

አጥኚው ትሑት ወጣት ነው፤ ሲናገር የብዕሩን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሥራ ሲጀምሩ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነግሯቸው ነበር።

«ጠረጴዛው ላይ ያያችሁት ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ሰው ቆሻሻውን ሲሰጠን ገበናውን ነው የሰጠን። ከዚህ አንዲት ነገር የወጣች ቀን ሰማንያውም ቤት በሩን ይዘጋብናል።»

ግራም ፈርማለች። ፊርማዋም እንደ ሚዛኗ ነበር፤ አትቀልድበትም።

ከሰማንያው ከረጢት መካከል ሃምሳ ሁለት ቁጥር የጠረጴዛው መሳቂያ ነበር። ሲፈታ ዳይፐር፣ ከዳይፐሩ ሥር ደግሞ ሌላ ዳይፐር። ሽማግሌው ድሮ በእህል መጋዘን ሚዛን ያዥ ነበሩና «አባባ ሚዛን» ይባላሉ።

«ይሄ ቤት በየቀኑ ይወልዳል እንዴ?» አሉ በሁለተኛው ቀን።

«ዛሬማ መንታ ነው» አለቻቸው ግራም።

በዚያው ቀን ከዳይፐሩ መሐል አንዲት ቡናማ የሽሮፕ ጠርሙስ ወጣች። ግራም ከነክዳኗ መዘነቻት፤ ሠላሳ ስምንት ግራም። «መድኃኒትና አደገኛ ነገር» የሚል የተለጠፈበት ባልዲ ውስጥ አስቀመጠቻት፣ ጻፈች፣ አለፈች። በማግስቱ ሌላ ጠርሙስ መጣች። እሷም ሠላሳ ስምንት።

«በዚህ ቤት ሳል ገብቷል» አሉ አባባ ሚዛን።

«ይማራቸው» አለችና ቀጣዩን ከረጢት ፈታች።

ግራም ቤት የምትጠብቃት አንዲት ሴት ልጅ አለች፤ ሚጡ፣ ዓመት ከስምንት ወር። ባሏ በሌላ ከተማ የሕንፃ ሥራ ላይ ስለሆነ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ሚጡን ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ ባለው ቤት፣ እትዬ እሹሩሩ ዘንድ ታስቀምጣታለች። እትዬ እሹሩሩ የሠራተኛ እናቶችን ልጆች በመጠበቅ የሚተዳደሩ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ድምፃቸው ለስላሳ የሆነ ሴት ናቸው። አምስት ልጆች ይይዛሉ። ሚጡ ድሮ ጎረቤት የምታስነሳ አልቃሻ ነበረች፤ ከሁለት ወር ወዲህ ግን ማታ ስትወሰድ ዝም ጭጭ ብላ ትከሻ ላይ ትለጠፋለች።

«ምን አደረጓት እትዬ?» ብላ ግራም በደስታ ጠይቃ ነበር። «ይቺ ልጅ እኮ የኔ አትመስልም።»

«ልጅ የሚፈልገው እርጋታ ነው የኔ እናት። አንቺ ስለምትቻኮዪ እሷም ትቻኮላለች።»

ግራም ይህን አምና፣ አመስግና፣ ለዳቦ ሻጯም አውርታ፣ ዳቦ ሻጯ ደግሞ የስምንት ወር ወንድ ልጇን እዚያው አምጥታ አስገባች።

በአራተኛው ቀን ሃምሳ ሁለት ቁጥር ሲፈታ ሁለት ቡናማ ጠርሙሶች ተንከባለሉ። አባባ ሚዛን ስለ ሳሉ ሊቀልዱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ግራም ከጠርሙሶቹ ሥር አንዲት ጨርቅ ሳበች። ሕፃን አንገት ላይ የሚታሰር የለሃጭ ጨርቅ ነበር፤ ጠርዙ ተቀዷል፣ ማሰሪያውም በአረንጓዴ ክር በወፍራሙ ተሰፍቷል። ነጭ ክር ስላለቀባት ባለፈው እሑድ በአረንጓዴ የሰፋችው ራሷ ናት።

ጨርቁን ይዛ ቆመች። ከዚያ ጠርሙሷን አነሳች። በአራት ቀን አራት ጠርሙስ በጇ አልፏል፤ ሁሉንም እስከ ግራሙ ታውቃቸዋለች፤ የአንዷንም ጽሑፍ አላነበበችም። ደቃቁን ጽሑፍ ወደ ብርሃኑ አቅርባ አነበበች፤ ለአለርጂ፤ እንቅልፍ ያመጣል፤ ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም።

«ምነው ልጄ?» አሉ አባባ ሚዛን። «ፊትሽ ተለዋወጠ።»

«የሚጡ ነው» አለች።

ሽማግሌው ጨርቁን አዩ፣ ጠርሙሱን አዩ፣ አሁንም ጨርቁን አዩ። ቀልዱ ካፋቸው ጠፋ። አጥኚው በጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ አጎንብሶ ይጽፋል።

«ሆዴን አመመኝ በይና ሂጂ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ እሸፍንልሻለሁ።»

ግራም ግን ሌላ ነገር አሰበች። ጤና ጣቢያ ብትሄድ ምን ጠጣች ነው የሚሏት። ጠርሙሷን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ከዚህ የከፋ ጥፋት እንደሌለ እያወቀች፣ ማንንም ሳታስፈቅድ በሩን ከፍታ ወጣች።

መንገዱ ላይ ስትሮጥ ጓንቱ እጇ ላይ፣ የላስቲክ ቦቲው እግሯ ላይ ነበር። አንዲት ሚኒባስ ቆመችላት፤ ረዳቱ ግን ሽታው ሲደርሰው በሩን በግማሽ ዘጋ። «እትዬ፣ ሰው ጭነናል፤ ቀጣዩን ጠብቂ።» አልተጨቃጨቀችም። ሮጠች። በየእርምጃው ያለፉት ሁለት ወራት እየተነሱ አስደነገጧት። እሑድ እንኳ ሚጡ እስከ ረፋድ ስትተኛ «ልጄ አደገች» ብላ ተደስታ ነበር። ማንኪያ ይዛ እየመገበቻት አገጯ ደረቷ ላይ ሲወድቅ ስቃ ነበር። ስቃ ነበር እኮ። ይህን ስታስብ የአንድ ሱቅ ግድግዳ ተደገፈች፤ ባለሱቁ ውሃ ልስጥሽ ሲላት ሩጫዋን ቀጠለች።

ልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ ስትደርስ መጀመሪያ የሰማችው ዝምታውን ነው። ከፊት የስፌት መኪናው ይንኳኳል፤ ከኋላ ምንም የለም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ አምስት ሕፃን ያለበት ቤት እንደዚህ ዝም አይልም።

መጋረጃውን ገለጠች። አምስቱም አንድ ፍራሽ ላይ ተደርድረዋል። እትዬ እሹሩሩ ባቄላ ይለቅማሉ።

«ቀስ በይ የኔ እናት፣ አሁን ገና ነው የተኙት» አሉ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው። «ምነው በደህናሽ ነው በዚህ ሰዓት?»

ግራም ሚጡን ብድግ አደረገቻት። የልጅቷ ጭንቅላት ወደ ኋላ ወደቀ። ጆሮዋን ደረቷ ላይ ለጠፈች፤ የራሷ ልብ እየመታ የልጇን መስማት አቃታት። በመጨረሻ ሰማችው፣ ቀርፋፋ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ።

«ሚጡ። ሚጡዬ። እማ ናት።»

ዓይኗ ትንሽ ተከፈተ፣ ነጩ ታየ፣ ተመልሶ ተዘጋ።

«ምን ሰጧት?»

«ምን እሰጣታለሁ? ምሳዋ ገና ነው።»

ግራም ጠርሙሷን ከኪሷ አውጥታ ባቄላው መሐል አስቀመጠችው። እትዬ እሹሩሩ ጠርሙሱን ሳይሆን እሷን አዩ። ጓንቱን፣ ሽርጡን፣ ቦቲውን።

«ቆሻሻዬን ትጎረጉሪያለሽ?»

«አዎ። ሥራዬ ነው። ስንት አጠጣሻት?»

ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አለቻቸው። ሁለቱም ሰሙት።

«አንድ ክዳን ነው። መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ ምንም አያደርግም ብሎኛል።» የእትዬ እሹሩሩ ድምፅ ለስላሳነቱ ጠፋ። «አምስት ልጅ ነው የያዝኩት፤ አንዱ ሲጀምር ሁሉም ነው የሚጀምረው። የቤቱ ባለቤት ካሁን በኋላ ጩኸት ብሰማ ውጪ ብሎኛል። አንቺም ደግሞ ዝም ስላለችልሽ መርቀሽኝ ሄደሻል።»

ይህ የመጨረሻው ነገር ግራምን ጥፊ ያህል አገኛት።

«የዳቦ ሻጯንም ልጅ?» አለች። «ስምንት ወሩ ነው።»

እትዬ እሹሩሩ ብድግ አሉ። ከዚያ ባቄላው ከጭናቸው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ሊለቅሙት አላጎነበሱም።

ግራም ጠርሙሷን አንስታ ሚጡን እንዳቀፈች ወጣች። ጤና ጣቢያው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ነርሷ ሚጡን አልጋ ላይ አስተኝታ ዓይኗን በመብራት አየች፣ ጥፍሯን ጫን ጫን አደረገች።

«ስንት ኪሎ ናት?»

«አሥር ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም።»

«ጎበዝ። ስንት ጠጣች?»

«አንድ ክዳን ተብያለሁ፤ እውነት ይሁን አላውቅም።»

«በግምት።»

«አላውቅም» አለች እንደገና፣ እንባዋም ያን ጊዜ ነው የመጣው። የሌላ ቤት ልጣጭ ሳይቀር በግራም ታውቃለች፤ የልጇ ሆድ ውስጥ ያለውን አታውቅም።

«ጠርሙሱን ማምጣትሽ በጀን» አለች ነርሷ። ጽሑፉን አንብባ ግንባሯን ቋጠረች። «ሌሎችም አሉ ነው ያልሽው?»

ግራም ሳትመልስ በሩ በትከሻ ተገፋ። እትዬ እሹሩሩ ነበሩ፤ አንዱን ሕፃን አዝለዋል፣ ሌላውን ታቅፈዋል፤ ልብስ ሰፊው የሜትር ገመዱ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሁለቱን ይዞ ተከትሏቸዋል። የዳቦ ሻጯ ልጅ ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ አድልቷል። ነርሷ እሱን ስታይ ወንበሯን በእግሯ ገፍታ ተነሳችና ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዛው ሮጠች።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ግራም በልጇ ደረት ላይ እጇን ጭና፣ ከፍ ሲል ትቆጥራለች፤ ሲዘገይ የራሷ ትንፋሽ ይቆማል። እትዬ እሹሩሩ ግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጭናቸው መሐል ቀብረዋል። ዳቦ ሻጯ ተጠርታ መጣች፤ ውስጠኛው ክፍል በር ላይ ግንባሯን አስደግፋ ቆመች።

ሚጡ ስምንት ሰዓት ገደማ አለቀሰች። መጀመሪያ ደከም ያለ፣ ከዚያ እንደ ድሮው ጎረቤት የሚያስነሳ ለቅሶ። ግራም ዝም አላሰኘቻትም። የዳቦ ሻጯ ልጅ ግን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተወሰደና ሦስት ቀን ቆይቶ ነው ከእናቱ ጋር የተመለሰው። በነዚያ ሦስት ቀናት ግራም በዳቦ መሸጫው በኩል ማለፍ ፈርታ ዙሪያውን ትሄድ ነበር።

ጤና ጣቢያ በሄዱ ማግስት ሚጡን በከተማው ሌላ ዳር ለሚኖሩት አማቷ ሰጥታ ወደ ሥራ ስትመለስ አጥኚው ብቻውን ጠረጴዛው ጋ ቆሞ አገኘችው። አባባ ሚዛን ሊሸፍኑላት ሞክረው ነበር፤ ግን በሃምሳ ሁለት ቁጥር ሠላሳ ስምንት ግራም ጎድሎ፣ ወሬውም ሰፈሩን አዳርሶ ነበር።

ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሁሉንም ነገረችው። ብዕሩን አልነካካም።

«ዘጠኝ ቤቶች ዛሬ ከረጢት አልሰጡም» አላት። «ቆሻሻችንን አንብበው ያወሩብናል ብለው። ሰማንያ የነበረው ሰባ አንድ ሆኗል፤ ጥናቱ ይህን ያህል ጉድለት ይችል እንደሆነ አላውቅም።»

«አባረርከኝ?»

«እኔም ብሆን ይዤው እሮጥ ነበር» አለ። «ግን ከእንግዲህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሰው ምን እንደሚጥል ማየት አትችዪም። ከእኔ ጋር ዘጠኙን ቤት ትዞሪያለሽ። ምን እንዳየሽና ለምን እንደተናገርሽ በራስሽ አፍ ትነግሪያቸዋለሽ። ከዚያ ጋሪው ላይ ትመደቢያለሽ።»

ዞሩ። አንዳንዱ በር ሳይከፈት ከውስጥ «ሂዱ» ተባሉ። አንዲት ሴት ግራምን ከእግር እስከ ራሷ አይታ «የኔን ምን አየሽበት?» አለቻት፤ ግራም እውነቷን «እርስዎ ቁጥር ስንት እንደሆኑ እንኳ አላውቅም» ስትላት ትንሽ አሰበችና ከረጢቱን አወጣች። አምስቱ ተመለሱ፤ አራቱ ቀሩ። ሃምሳ ሁለት ቁጥርን ማንም አላንኳኳም፤ እትዬ እሹሩሩ ቤቱን ለቀው ሌላ ሰፈር ገብተው ነበር። እዚያም ልጅ ይጠብቃሉ ይባላል። ግራም ይህን የሰማች ቀን ለነርሷ ሄዳ ነገረች፤ ነርሷም አድራሻውን ጻፈች።

ጥናቱ አልቆ ስድስት ወር ሆኗል። ግራም አሁን ከዚያው ቡድን ጋር በማዳበሪያው ሥራ ላይ ነች፤ ሚጡም አማቷ ቤት፣ ጩኸት በሚፈቀድበት ግቢ ነው የምትውለው። እሑድ ከምሳ በኋላ ልጅቷ አልጋው ላይ ጋደም ስትል ግራም ልብስ ማጠፍ ትጀምራለች፤ አንድ ሁለቱን ታጥፍና ትተወዋለች። ሄዳ ጎንበስ ብላ ደረቷን ታያለች። ከፍ ይላል፤ ዝቅ ይላል። ይህ ሊበቃት ይገባል፤ አይበቃትም። ትከሻዋን ነካ፣ ቀጥሎ ወዝወዝ ታደርጋታለች።

ሚጡ ዓይኗን ሳትከፍት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

«እማ፣ ተኝቻለሁ» ትላታለች።

«እሺ የኔ እናት፣ ተኚ» ትላለች ግራም፣ እጇን ግን ከጀርባዋ ላይ አታነሳም።