ስክሪን የሌለው ኮምፒውተር

በትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ስሠራ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። እኔ አሮጌ ዕቃ ሳይ ደሜ ይፈላል። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ከአሮጌ ዕቃ በቀር የምትወደው የለም። ጠብ ያልበዛብን እሷ መጣላት ስለማታውቅበት ብቻ ነው።

ሰዉ ሁሉ ጠጋኟ ይላታል። ድሮ የታይፕ አስተማሪ ነበረች። ታይፑ ሲቀር፣ በቃ ይቺ ሴት ሥራ ፈታች ስንል፣ ሊኑክስ የሚባል ነገር ተምራ ብቅ አለች። በነጻ የሚገኝ፣ የፈለገ ሰው አሠራሩን ከፍቶ የሚያየውና የሚያስተካክለው ሶፍትዌር ነው አለችኝ።

«በነጻ ከሆነማ አንድ ነገር አለው» አልኳት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ያናድዳል።

ግን ሥራዋን አይቻለሁ፤ አልክድም። ሌላ ቦታ አልነሳ ያለውን ኮምፒውተር ሁሉ ለቃቅማ፣ ሃያ አራቱን በኬብል አያያዘቻቸው። አብዛኞቹ ዲስክ እንኳ የላቸውም፤ ሁሉም ሲበሩ የሚያስፈልጋቸውን የሚያመጡት ከአንድ ማሽን ነው። የልጆቹም ሥራ የሚቀመጠው እዚያው ላይ ነው። ሲቸግራት አይታቸው ለማታውቃቸው ሰዎች በኢንተርኔት ትጽፋለች፤ እነሱም ይመልሱላታል። «እነሱ ምን ቤት ናቸው?» ብላት፣ «እነሱም ሲቸግራቸው ሰው የመለሰላቸው ናቸው» አለችኝ።

ዳይሬክተሩ ግን አላመኑባትም። ክፍሉን ለስብሰባ ይፈልጉታል። «የስምንተኛ ክፍል የኮምፒውተር ፈተና በነዚህ ማሽኖች ካለቀ ክፍሉ ያንቺ ነው፤ ካልሆነ መዝገብ ቤት ትገቢያለሽ» አሏት። መዝገብ ቤቱን አውቀዋለሁ። መስኮት የለው፣ የሚገባበት ሰው የለው። ልጆች ካልከበቧት ለምትታመመው ለእሷ እስር ቤት ማለት ነው።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። በፈተናው ዋዜማ፣ ተማሪውም እሷም ከወጡ በኋላ፣ የሚወገድ ዕቃ እየሰበሰብኩ ነበር። በእኛ ደንብ ስክሪንና ኪቦርድ የሌለው ኮምፒውተር ጎዶሎ ይባላል፤ ጎዶሎ ደግሞ ይወገዳል። ከክፍሏ ጥግ አንዱን ብቻውን ሲያጉረመርም አገኘሁት። ይሄን ደግሞ ማን ረሳው ብዬ ከሶኬቱ ነቀልኩና በጋሪ ወስጄ ጓሮ፣ ከተሰባበሩት ወንበሮች ጋር ከመርኩት።

ጠዋት ስመጣ ተማሪዎቹ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈዋል። ሃያ አራቱም ስክሪን ጨልሟል። እሷ ባዶው ጥግ ፊት ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ሌባ ገብቷል» አለችኝ። «ሰርቨሩን፣ ሁሉን የሚያሠራውን ማሽን ወስደውታል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። «ሌባው እኔ ነኝ» አልኳት።

የት እንዳለ ብቻ ጠይቃ ሮጠች። እኔም በዚህ ጉልበቴ ተከተልኳት። አሮጌ ዕቃ የሚወስደው መኪና ቆሟል፤ ወንበሮቹ ተጭነዋል፤ ሁለት ሰዎች ማሽኑን ግራና ቀኝ ይዘው አንስተውታል። «አስቀምጡት» ስል ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ እኔም እንጃ።

ተሸክመን መለስነው። ሰካችው። ማሽኑ አጉረመረመ፤ ስክሪኖቹ ላይ ግን ምንም የለም።

«ጋሼ፣ መዝገብ ቤት ከገባሁ አልቆልኛል» አለችኝ ቀስ ብላ።

ደቂቃው ዓመት ሆነብኝ። በመጨረሻ ከበሩ አጠገብ ያለው ስክሪን በራ፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ፤ ከዚያ ሁሉም። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ አቧራ ገባብኝ ብዬ ዐይኔን ጠረግሁ።

ፈተናው ሃምሳ ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ። ዳይሬክተሩ መጥተው ምን እንዳዘገየን ሲጠይቁ፣ «አሮጌ ማሽን ሲነሳ ጊዜ ይፈጃል» አለች፣ ወደ እኔ እንኳ ሳታይ። አላስቻለኝም። «ለእኔ ብላ ነው፤ ልጥለው የነበርኩት እኔ ነኝ» ብዬ አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት። ዳይሬክተሩ ገላምጠውኝ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እስከ መጨረሻው አንድም ማሽን አልቆመም።

ልጆቹ ሲወጡ ዳይሬክተሩ፣ «ክፍሉ ያንቺ ነው» አሏት። «ለመጪው ዓመት ምን አዲስ ዕቃ ይገዛልሽ?»

«አዲስ ይቅርብኝ» አለች። «ጋሼ የሚጥሉትን ይስጡኝ።»

አሮጌው ዕቃ የሚከማችበትን መጋዘን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩት። ያን ቁልፍ ለሚስቴ እንኳ ሰጥቼ አላውቅም።