የአዴ ሙሚና ሩዝ

ባለፈው ሰኔ ከአንድ የእርሻ መደብር በር ላይ መኪና ስጠብቅ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው የነጭ ማዳበሪያ ሽታ መጣብኝ። ከአምሳ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ፊቴ ግን እንደዚያን ጊዜው ጋለ። አዴ ሙሚና ትዝ አለችኝ።

ጎረቤታችን ነበረች። ድሬዳዋ ነውና እንደ እናት አዴ እላታለሁ እንጂ አንቱ ብያት አላውቅም። ደቻቱ ወንዝ ዳር በጉድጓድ ውሃ የምታጠጣት ጠባብ ማሳ ነበረቻት። ሌላው ጎመንና ፓፓያ ሲያለማ እሷ ባቡር ላይ የሚሠራው ወንድሟ ካመጣላት ዘር ሩዝ ታበቅላለች። መጀመሪያ ችግኙን በአንድ ጥግ ታፈላለች። ስንዝር ሲያህል ነቅላ፣ የድሪያ ቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ትገባና በገመድ እየለካች በመስመር ትተክላለች። ማዳበሪያዋ ዓመት ሙሉ ያብላላችው የፍየል በጠጥ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ አብሬያት እተክላለሁ። ሥሩ እንዳይጨናነቅ አራርቄ እንድተክል ትመክረኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ የእርሻ አስተማሪያችን ለእያንዳንዳችን መደብ ሰጠን። እኔ ሩዝ መረጥኩ። አስተማሪው ዘሩን በትነን ነጩን ማዳበሪያ በልክ እንድንጨምር ነገረን። እኔ ግን ልብለጥ ብዬ እጥፍ አደረግኩበት። ሩዜ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወገቤ ድረስ ተመዘዘ። አዴ ሙሚናን ያንቺው ገርጥቷል ብዬ አሾፍኩባት። ሳቀች።

ፍሬ መያዣው ሲደርስ የእኔው ሁሉ ተጋደመ። ዛላውን ባሸው እጄ ላይ የቀረው ገለባ ነው። አስተማሪው ሳያየው አጭጄ ጣልኩት።

የትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሷ ገበያ መሄዷን አይቼ ከማሳዋ ምርጥ ምርጡን አጨድኩ። በማግስቱ ነዶው በንጉሡ ፎቶግራፍ ሥር፣ በስሜ ቆመ። የቀለም ብዕር ተሸለምኩ። አዴ ሙሚናም ቀደም ብዬ ጋብዣት ስለነበር አዲስ ሻሽ አስራ መጣች።

አስተማሪው ወደ ነዶው እያሳያት፣ "አዩ እናቴ፣ በትኖ መዝራትና ማዳበሪያ ይህን ያመጣል" አላት።

ዛላውን በጣቶቿ መሃል ቀስ አድርጋ አሳለፈችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ልጅቷ ለፍታለች" አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ የደረቀው የደቻቱ አሸዋ መሃል ቆም አለችና፣ "ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር" አለችኝ። ይቅርታ ሳልጠይቃት ቀድሜያት ወደ ቤት ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ በማሳዋ በኩል ማለፍ ተውኩ። በሚቀጥለው ዓመት የእኔን ሽልማት አይተው ሩዝ በትነው ማዳበሪያ ያበዙበት ጎረቤቶች አዝመራቸው ሲተኛባቸው፣ ችግኝ ሰጥታ በመስመር ያስተከለቻቸው እሷው ናት። ለምን እንደተበላሸባቸው የማውቀው እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ከብዙ ዘመን በኋላ ማረፏን ሰምቼ ለቅሶ ደረስኩ። ሴት ልጇ አቅፋኝ ካለቀሰች በኋላ ወደተቀመጡት ሴቶች ዞረች።

"በሩዝ የተሸለመችው ልጅ እቺ ናት" አለቻቸው። "እናቴ እስክትሞት ስሟን በኩራት ታነሳ ነበር።"

ሴቶቹ መረቁኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ አሜን አልኩ።