አክስቴን ከመድረክ ያስቀሯቸው

ደርግ የነገሌ ቤተ ክርስቲያናችንን አሽጎ ሽማግሌዎቹን ሲያስር፣ ምእመናኑን ጓዳቸው ውስጥ ሰብስበው ያስተማሩት አክስቴ ነበሩ። ቃሉን በአማርኛ አንብበው በኦሮምኛ ያብራሩ ነበር። ቀበሌ ወስዶ ሲገርፋቸው እንኳ የአንድም ሰው ስም አላወጡም።

ሽማግሌዎቹ ተፈትተው ደጁ በተከፈተ በመጀመሪያው እሑድ፣ አክስቴ ሊያስተምሩ ተነሡ። አንደኛው ሽማግሌ፣ «እማማ፣ ይቀመጡ። ሴት እንድታስተምር አልተፈቀደም» አሏቸው።

«እናንተ እስር ቤት ሳላችሁስ ማን ፈቀደልኝ?» አሉ አክስቴ።

እስኪሞቱ ድረስ መጽሐፋቸውን ገልጠው የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ እንጂ ሽማግሌዎቹ መድረኩን አልሰጧቸውም። ዛሬ ያ ወንበር ባዶ ነው።

በቀብራቸው ዕለት እኚያው ሽማግሌ፣ «ዝምተኛ እናት ነበሩ» ብለው ሰበኩ። ንዴቴን መዋጥ አቃተኝ።

«ዝም ያሰኛችኋቸው እናንተ ናችሁ!» ብዬ ጮኽሁ።

አክስቴ ያስተማሯቸው ሴቶች በአንድ ድምፅ «አሜን!» አሉ።