ሽንት ቤቱ እስኪመረቅ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ነው። ለሰው ሳወራው ያስቃል፤ ብቻዬን ሳስታውሰው ግን ፊቴ ይግላል።

ተፈናቃዮች በከተማችን ሲያልፉ እንዲጸዳዱበት፣ መውጫው ላይ የወንድና የሴት ሽንት ቤት ከነመታጠቢያው በቆርቆሮ ተሠራ። እኔ መምህር ነኝ፤ የአቀባበል ኮሚቴ ውስጥ ስላስገቡኝ ቁልፉ በእጄ ነበር። ሥራው ካለቀ ሳምንት አልፎታል። የቀረው ትንሽ ነገር ነው፤ አልተመረቀም። የክብር እንግዳው ሪባን ሳይቆርጡ ሰው ቢገባበት፣ ያው አገር ይፈርሳል።

በምርቃቱ ቀን እንግዳው ዘገዩ። ተፈናቃዮቹ ፕሮግራም አያውቁ፣ ቀድመው ደረሱ። ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ከሪባኑ ፊት ተሰለፈ። እኛም ባዶ እጃችንን አልጠበቅናቸውም፤ ጠረጴዛ ላይ የከመርነውን ሳሙና አሳየናቸው። መንካት ግን አይቻልም፤ ለፎቶ ነው።

አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ተጠጉኝና በሹክሹክታ፣ "ልጄ፣ ምራቴ ከመኪናው መውረድ አፍራ ተቀምጣለች። የወር አበባዋ መጥቶ ልብሷ ተበላሽቷል። መንገድ ላይ ሁለት ቀናችን ነው፤ ክፈትልን" አሉኝ።

"እናቴ፣ ካልተመረቀ አይከፈትም፤ ትንሽ ይታገሡ" አልኳቸው፣ በታላቅ ትሕትና።

"የጎደለው ምርቃት ነው?"

ምርኩዛቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጥ አድርገው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

"የሠራውን እጅ አይንሳው! የገባበት ሁሉ ቀሎት ይውጣ! ደጁ አይዘጋ!"

ሰልፉ በአንድ ድምፅ "አሜን!" አለ።

"ይኸው መረቅሁት። በል ክፈት።"

ሪባኑን ፈትቼ ከፈትኩ። አንድ ሳሙና ስመዝ ክምሩ ተናደ፤ ፎቶ አንሺው ጮኸብኝ። ምራቲቱ በአማቷ ነጠላ ወገቧን ጠቅልላ፣ መሬት መሬት እያየች ገባች። ስትወጣ ፀጉሯ ረጥቧል። ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ "እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፤ ስምህን ማን ልበል?" አለችኝ።

እንግዳው ከቀትር በኋላ መጡ። ሪባኑን መልሰን አሰርነው፤ እሳቸውም ቆረጡት። በዚያው ቅጽበት፣ ውስጥ ሲታጠቡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በሩን ከፍተው "ደኅና ዋላችሁ" እያሉ ሲወጡ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተደረገላቸው። ኮሚቴው ማታውኑ ሥነ ሥርዓት አበላሽተሃል ብሎ ገሠጸኝ።

ይህን የሰሙ ወዳጆቼ ጀግና ያደርጉኛል። አሮጊቷ እስኪመጡ ድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ ሪባን ስጠብቅ የነበርኩ ጀግና! ያቺ ሴት ግን ስሜን ጠይቃ አመሰገነችኝ። ሰው ገላውን ስለታጠበ ማንን ያመሰግናል? ምስጋናዋን እስከ ዛሬ አንገቴን ሳልደፋ ማስታወስ አልቻልኩም።